ትልቁን ጌም አቁሙት፤ ሦስት ትንንሾችን ጨርሱ

ጥያቄ፦ «የምጽፍልህ ከጎንደር ነው፤ ቤታችን አዘዞ ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቅሁ አንድ ዓመት ሆነኝ። ከእህቴ ጋር በአፄ ፋሲለደስ ዘመን ላይ የተመሠረተ ትልቅ ኦፕን ወርልድ ጌም (ተጫዋቹ እንዳሻው የሚዘዋወርበት) አንሪል በሚባለው የጌም መሥሪያ ኢንጂን እየሠራን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ኮዱን እኔ፣ ግንቡን እሷ ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ መሥሪያ እንሠራለን። ላፕቶፓችን ራሙ 8 ጂቢ ነው፤ ለብቻው የሆነ ግራፊክስ ካርድ የለውም። እስካሁን ሰውየው ይራመዳል፣ ፈረስ ላይ ይወጣል፣ ግንቡም ግማሽ ደርሷል። ውጭ አገር ላሉ ስቱዲዮዎች ማመልከት እንፈልጋለን። ጌሙ እስኪያልቅ እንጠብቅ? ወይስ መጀመሪያ ሰርተፍኬት እንያዝ? አዲስ አበባ መግባትስ ግድ ነው?»

ምላሽ፦ አትጠብቁ። ሰርተፍኬቱንም ለጊዜው ተዉት። አዲስ አበባ መግባት ግድ አይደለም። ጌሙን ግን ዛሬውኑ አቁሙት፤ በምትኩ ሦስት ትንንሾችን ጨርሱ። ይህ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ምክንያቱን ሰፋ አድርጌ ልንገርህ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እናስተካክል። «ጌም ሠሪ» የሚባል ክፍት የሥራ ቦታ የለም። ስቱዲዮ የሚቀጥረው ፕሮግራመር ነው፤ አኒሜተር ነው፤ የጨዋታውን ደረጃዎች የሚነድፍ የሌቭል ዲዛይነር ነው፤ የድምፅ ባለሙያ ነው፤ ጌሙን እየተጫወተ ስህተት የሚለቅም ቴስተር ነው። ከአርቲስቶቹ መካከል እንኳ ሰውን የሚሠራው ሌላ፣ ሕንፃና መልክዓ ምድርን የሚሠራው ሌላ ነው። አንተ ፕሮግራመር ነህ። እህትህ ደግሞ እንደገባኝ የሁለተኛው ዓይነት፣ ኢንቫይሮመንት አርቲስት፣ ለመሆን መንገድ ላይ ናት። እነዚህን ሁለት ሙያዎች የሚመዝኗቸው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አንድ የጋራ ፖርትፎሊዮ (የሥራ ማሳያ ገጽ) አይሆንም። የየራሳችሁ ገጽ ይኑራችሁ፤ በየገጹ አናት ላይም ሙያችሁ በአንድ መስመር ይጻፍ። «ፕሮግራመር፣ አርቲስት፣ የታሪክ ጸሐፊና ዳይሬክተር» ብሎ የሚጀምር ገጽ ሲደርሰኝ ሰውየውን የትኛው ቦታ ላይ እንደማስቀምጠው አላውቅም።

በሥራዬ የአመልካቾችን ሥራ እመለከታለሁ። እንዴት እንደሚታይ ብታውቅ ብዙ ነገር ይቀልልሃል። አንድ ቦታ ክፍት ሲሆን ማመልከቻ ይጎርፋል። የሚያየው ሰው የራሱ ሥራ አለበት፤ ከስብሰባ ሲወጣ፣ ምሳ ሊሄድ ሲል ነው የሚከፍተው። ሊንኩን ይጫናል። ጌሙ እዚያው ብሮውዘሩ ላይ ከተነሳ ይጫወታል። «6 ጂቢ አውርድ» ካለው አያወርድም። ቪዲዮው በሎጎና በሙዚቃ ጀምሮ ጨዋታው እስኪመጣ ግማሽ ደቂቃ ከፈጀ ይዘለዋል። ስምንት ሥራ ተደርድሮ ሁለቱ ደካማ ከሆኑ፣ ወጥቶ የሚያስታውሰው ሁለቱን ነው። ይህ ክፋት አይደለም፤ ጊዜ ማጣት ነው። ስለዚህ ምርጡ ሥራ ከላይ ይሁን፤ የምታፍርበት ደግሞ ጭራሽ አይግባ።

አሁን ወደ ትልቁ ጌም ልመለስ። ኦፕን ወርልድ የሚባሉትን ጌሞች ትልልቅ ስቱዲዮዎች በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎችና በብዙ ዓመት ነው የሚሠሯቸው። ሁለት ሰው በአንድ ላፕቶፕ የጀመረው ነገር ግማሽ ላይ መቆሙ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። ሥራው ራሱ ያን ያህል ስለሆነ ነው። ማሽኑም አብሮ ይጎትታችኋል። አምራቹ ኤፒክ ለአንሪል 5 የሚመክረው 32 ጂቢ ራምና ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ነው። በእናንተ ላፕቶፕ ላይ ከምትሠሩበት ሰዓት ጠብቃችሁ የምታሳልፉት ይበልጣል ብል የምታምነኝ ይመስለኛል።

ከዚህ የባሰው ጉዳት ግን ሌላ ነው። ሁለት ዓመት ሠርታችሁ የጌም ሥራን ሁለተኛ አጋማሽ አላያችሁትም። ሜኑ፣ ውጤት መያዝ፣ ጌሙን አስቀምጦ መውጣት፣ ድምፅ መቀነሻ፣ ባዕድ ሰው ሲጫወተው የሚፈጠረው ያልታሰበ ስህተት፣ ይህ ሁሉ የሚመጣው ጌም ሲጨረስ ነው። ቀጣሪ ደግሞ የሚፈልገው ጨርሶ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ራሴ ሦስት ዓመት የፈጀሁበት የጦርነት ጌም አለኝ። ከእኔ ሌላ ማንም ተጫውቶት አያውቅም። ሥራ ያስገኘልኝ በሁለት ሳምንት የጨረስኩት የእንቆቅልሽ ጌም ነበር።

ለአንተ የምመክረው ጎዶት የሚባለውን ኢንጂን ነው። ነፃ ነው፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው፤ ከሽያጭህ የሚጠይቅህ ድርሻ የለም። የሚወርደው ፋይል ከመቶ ሜጋባይት ብዙም አይርቅም፤ ኢንስቶል እንኳ አይፈልግም፤ ከፍላሽ ላይ ይነሳል። ፕሮጀክት ስትከፍት «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን ሬንደረር (ምስሉን የሚስለውን ክፍል) ምረጥ፤ ለእንዳንተ ዓይነት ማሽን የተዘጋጀው እሱ ነው። የኮድ ቋንቋውን ደግሞ የጎዶት የራሱ የሆነውን ጂዲስክሪፕት አድርገው። ሲ ሻርፕ ብትመርጥ በጎዶት 4 የሠራኸውን ለብሮውዘር ማውጣት አትችልም፤ ከላይ እንዳልኩት ደግሞ ብሮውዘር ላይ መከፈቱ ትልቁ ጥቅምህ ነው።

«የሥራ ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ዩኒቲና አንሪል ነው» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፤ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ስለዚህ ሦስተኛውን ጌም በዩኒቲ ትሠራዋለህ። ነገር ግን አንድ ኢንጂን ላይ ብቻ አትንጠልጠል። በመስከረም 2023 (እ.ኤ.አ.) ዩኒቲ ጌም በተጫነ ቁጥር ሊያስከፍል ነው ብሎ ብዙ ሠሪዎችን አስደንግጧል፤ ዓመት ቆይቶ በመስከረም 2024 ሰርዞታል። ያን ጊዜ ብዙም ያልተንገዳገዱት ከአንድ በላይ መሣሪያ የሚያውቁት ናቸው።

ሦስቱን ጌሞች ልንገርህ።

የመጀመሪያው አንድ ስክሪን ላይ የሚያልቅ የዝላይ ጌም ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን አንድ ፕሮግራመር እጁ የሚታወቀው እዚህ ነው። ምሳሌ ልስጥህ። ተጫዋቹ ገደል ጫፍ ደርሶ ይዘላል። ጣቱ ከጫፉ ትንሽ ዘግይቶ ቁልፉን ይነካል። ኮድህ «እግሩ መሬት ላይ የለም» ብሎ ከከለከለው ተጫዋቹ ይወድቃል፤ «ጫንኩ እኮ! ጌሙ ነው የከለከለኝ» ይላል። ጥሩ ጌሞች እዚህ ላይ ምሕረት ያደርጋሉ። እግሩ ከለቀቀ በኋላ ለ0.1 ሰከንድ ያህል መዝለል ይፈቅዱለታል። በሰከንድ 60 ፍሬም በሚሄድ ጌም ይህ 6 ፍሬም ነው። ኮዮቴ ታይም ይሉታል። ግልባጩም አለ፤ መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ቀድሞ ከጫነ ትእዛዙን ይዞ ቆይቶ ልክ ሲያርፍ ማዝለል ነው። ሁለቱን አስገባና ማብሪያ ማጥፊያ ቁልፍ አብጅላቸው። የሚያየው ሰው አጥፍቶ አብርቶ ልዩነቱን በጣቱ ይወቀው። አሥር ገጽ ሲቪ የማይነግረውን ይህች ቁልፍ ትነግረዋለች።

ሁለተኛው ገበጣ ነው። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ከ«ኩኩሉ» በኋላ ገበጣን በጌም መልክ እንዳወጣው አውቃለሁ፤ ያንተ ግን ውበቱ ኮምፒውተሩ ማሰቡ ላይ ይሁን። ሰው ሲጫወት «ይህን ባነሳ እሱ ያንን ያነሳል፤ ከዚያ እኔ…» እያለ ነው የሚሄደው። ሚኒማክስ የሚባለው ዘዴ ይህንኑ በኮድ ማድረግ ነው። አልፋ ቤታ ደግሞ የማያዋጣውን መንገድ እስከ መጨረሻው ሳያይ ይተወዋል፤ ደካማ ላፕቶፕ ላይ ሩቅ ማሰብ የሚቻለው በእሱ ነው። ሦስት የክብደት ደረጃ አድርግ። ጎን ላይ ኮምፒውተሩ ስንት እርምጃ እንዳየና ስንት ሚሊሰከንድ እንደፈጀበት በቁጥር አሳይ። ሕጉ በየአካባቢው ስለሚለያይ የምታውቀውን፣ ምናልባት አያትህ የሚጫወቱትን ምረጥና ውጭ ላለ ሰው በአንድ ገጽ አስረዳ። ጽሑፉን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አድርገው። አማርኛ ፊደል የሌለው ፎንት ከተጠቀምክ ስክሪኑ ሳጥን ሳጥን ብቻ ይሞላል፤ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ነፃ ፎንት ከጌሙ ጋር አብረህ አስገባ።

ሦስተኛው ላይ ፈረስህ ይመጣል። ፈረስ ላይ መውጣት፣ መውረድ፣ ከእርምጃ ወደ ግልቢያ መሸጋገር ቀላል ኮድ አይደለም፤ ሁለት ዓመቱ ሁሉ በከንቱ አልሄደም። ከትልቁ ጌም አውጣውና በዩኒቲ እንደገና ጽፈህ ጉግስ አድርገው። አንድ ሜዳ፣ ሁለት ፈረሰኛ፣ ጋሻና ዘንግ፣ ሁለት ደቂቃ። ሌላ ምንም። መንደር የለም፤ ታሪክ የለም፤ ንጉሥ አይናገርም። ሜዳውን እህትህ ትሥራው። ከሁለታችሁ ማን ምን እንደሠራ ግን በየገጻችሁ በግልጽ ጻፉ። የሌላን ሰው ሥራ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ በሁለት ጥያቄ ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚያተርፈው የለም።

የሦስቱንም ኮድ ጊትሀብ ላይ አድርግ፤ ጌሞቹን ኢች አይኦ ላይ። ሁለቱም በነፃ ይቻላል። የጌም መሸጫው ስቲም ለአንድ ጌም 100 ዶላር ያስከፍላል፤ ለፖርትፎሊዮ ብለህ እዚያ ገንዘብ አታውጣ። በእያንዳንዱ ጌም መግቢያ ላይ ምን ችግር እንደገጠመህና እንዴት እንደፈታኸው በአጭሩ ጻፍ። «መጀመሪያ እንዲህ ሞከርኩ፤ ዘገየ፤ ስለዚህ እንዲህ ቀየርኩት» የሚል ሦስት መስመር ከጌሙ እኩል ይነበባል።

ለእህትህ ደግሞ።

ግንቡን ሙሉ በሙሉ መሥራት ትተው። ቱሪስት የሚያየው ግቢው በሙሉ ነው፤ የአርት ኃላፊ የሚያየው አንድ ማዕዘን ነው። አንድ በርና ከጎኑ ያለውን ግድግዳ፣ ወይም የፋሲለደስ መዋኛን የአጥር ግንብና ድንጋዩን ጨብጦ የያዘውን የዛፍ ሥር ትምረጥ። እኔ ብሆን ሥሩን እመርጣለሁ። ድንጋይና እንጨት አንድ ላይ ገብተው፣ አንዱ ሌላውን ሲገፋ ማሳየት ከባድ ነው፤ ችሎታዋ እዚያ ይለያል።

ሜትር ይዛ ትሂድ። ውጭ ያለ አርቲስት ከፎቶ ነው የሚገምተው፤ እሷ መለካት ትችላለች። የቅስቱ ስፋት ስንት ነው? የደረጃው ቁመት ስንት ነው? ፎቶውን ደመና ባለበት ቀን ታንሳ። ፀሐይ ካለ ጥላው ከድንጋዩ ጋር አብሮ ይነሳና ቴክስቸሩ (በሞዴሉ ላይ የሚለጠፈው ምስል) ጌም ውስጥ ሌላ ብርሃን ሲበራበት ይበላሻል። ቀለሙንም ልብ ትበል። ግድግዳው ጠቆር ያለ ድንጋይ ነው፤ በበሩና በመስኮቱ ቅስት ዙሪያ ያለው ግን ቀላ ያለ ነው። ይህን ልዩነት ያልያዘ የጎንደር ግንብ ሞዴል የማንም አገር ግንብ ይመስላል።

ከዚያ እንደ ጌም አርቲስት ታስብ። አንድ ቅስት በደንብ ይሠራል፤ እሱው አሥር ቦታ ይገባል። ጠርዙ፣ ክፈፉ፣ የደረጃው አፍንጫ ሁሉ ከአንድ የጋራ ቴክስቸር ይወሰዳል፤ ትሪም ሺት የሚባለው ይህ ነው። በአንድ ሜትር ስንት ፒክሰል እንደምትጠቀም ወስና በሁሉም ላይ ትጠብቀው፤ ለምሳሌ 512። ካልጠበቀችው አንዱ ድንጋይ ጥርት ብሎ አጠገቡ ያለው ይደበዝዛል፤ ሙያተኛ ዓይን ያን ወዲያው ያያል። ገጿ ላይ ያማረውን ምስል ብቻ አታስቀምጥ። የሞዴሉ መስመር የሚታይበትን፣ ሞዴሉ የተሠራበትን የትሪያንግል ብዛትና ቴክስቸሮቹን አብራ ታሳይ። በስልክ ፎቶ አንስቶ በሶፍትዌር ወደ 3ዲ መቀየርም አለ። የሚወጣው ሞዴል ግን ሚሊዮን ትሪያንግል ይሆንና ለጌም እንደገና መሠራት አለበት፤ ላፕቶፓችሁም አይችለውም። በእጇ ትሥራው። ድሮን ያለ ፈቃድ እንዳታስነሱ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ያሉትን ሥዕሎች ከፈለገች ደግሞ ቀድማ አስፈቅዳ ትግባ፤ ፍላሽም አትጠቀም።

ግንቡ ጎንደር ስለሆነ ብቻ ማንም አይቀጥራትም። በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ መሆኑ ሞዴሉን ጥሩ አያደርገውም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ከቤቷ ወጥታ ድንጋዩን መዳሰስ ትችላለች፤ የጎደላትን ነገ ተመልሳ ታየዋለች። ሥራዋን አርትስቴሽን ላይ ታድርግ፤ አርቲስት ፈላጊዎች የሚያዩት እዚያ ነው።

ስለ ሰርተፍኬት። ኮርስ መማር መጥፎ አይደለም፤ ያላወቅኸውን ካሳወቀህ ተማር። ወረቀቱ ግን ቦታ አያስይዝም። ለፕሮግራመር ቦታ ዲግሪ የሚጠይቁ አሉ፤ እሱ አለህ። በተለይ «ከጨረስክ ሥራ እናስገባሃለን» ብሎ በዶላር የሚያስከፍልን ሥልጠና ራቅ። ሥራ ለመቀጠር ክፈል የሚልህ ካለ አጭበርባሪ ነው። ፈተና ብለው የሳምንት ሥራ ያለ ክፍያ የሚያሠሩም አሉ። ጥቂት ሰዓት የሚወስድ ፈተና የተለመደ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ክፍያውን ጠይቅ።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገርህ። ጊዜው ጥሩ አይደለም። በጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) ማይክሮሶፍት ከጌም ክፍሉ 1,900 ሰው እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ በቀጣዩ ወር ሶኒ 900 ያህል ቀነሰ። ስለዚህ ጀማሪ የሚወዳደረው ከጀማሪ ጋር ብቻ አይደለም፤ ልምድ ካለውና ሥራ ከፈታ ሰው ጋርም ነው። በዚህ ላይ ብዙ ስቱዲዮ ለጀማሪ ቪዛ አያወጣም፤ «ከቤት መሥራት ይቻላል» የሚለውም ብዙ ጊዜ እነሱ አገር ውስጥ ላለ ሰው ነው። ማስታወቂያውን እስከ ታች አንብበው። ጥሩ ፖርትፎሊዮ ይህን ግድግዳ አያፈርሰውም።

እንግዲህ በሩ የቱ ነው? ለእናንተ የሚቀርበው የኮንትራት ሥራ ነው። ትንንሽ ቡድኖች አንድ ሕንፃ፣ አንድ ሜኑ፣ አንድ ስህተት የሚያስተካክልላቸው ይፈልጋሉ። እነሱን የምታገኛቸው ጌም ጃም ላይ ነው። ሉደም ዴር ከ2002፣ ግሎባል ጌም ጃም ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሉ። እነዚህ ዝግጅቶች ላይ በጥቂት ቀን ጌም ተሠርቶ ያልቃል፤ ከማታውቀው ሰው ጋር መሥራትም ትለማመዳለህ። አብሮህ የሠራ ሰው ሥራ ሲያገኝ ያስታውስሃል። አፍሪካ ውስጥም መንገዱ ተጀምሯል። የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ «ኦሪየን» የተባለውን ጌም በ2016 (እ.ኤ.አ.) ለዓለም ገበያ ያወጣው ከያውንዴ ሆኖ ነው። ክፍያ መምጣት ሲጀምር ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚገባልህ ውል ከመፈረምህ በፊት ባንክህን ጠይቅ። ሥራውን ከጨረሱ በኋላ መቀበያ አጥተው የተቸገሩ ልጆች አውቃለሁ።

እስከዚያው የዕለት ሥራ ያዝ። ሶፍትዌር የሚሠራ ቢሮ፣ የትምህርት ቤት ሲስተም፣ ምንም ይሁን። እህትህም ለአርክቴክቶች 3ዲ መሥራት ትችላለች። ይህ ከመንገድ መውጣት አይደለም። ራቱን የሚያስብ ሰው ጌም አይጨርስም።

አዲስ አበባ ብትገቡ ሰው ታገኛላችሁ፤ ይህን አልክድም። ለቤት ኪራይ የምታወጡት ግን ለራም ቢሆን ይሻላል። 8ቱን 16 አድርገው፤ ላፕቶፑ የሚቀበል ከሆነ። መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆም የጎዶትንና የብሌንደርን መመሪያ አውርደህ አስቀምጥ። የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው ጊት ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ ለውጥህን በየቀኑ መዝግብ፤ ኮኔክሽን ሲመጣ ትልከዋለህ። አንድ ቅጂ ፍላሽ ላይ ይኑርህ።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ አለ። ከኢንተርኔት የወሰዳችሁትን ሞዴል፣ ሙዚቃ ወይም የታዋቂ ጌም ገጸ ባሕርይ የራሳችሁ አታስመስሉ። በነፃ የተፈቀደ ከሆነ ምንጩን ጻፉ። ኤአይ ያወጣላችሁ ምስልም ካለ ተናገሩ። ስቲም እንኳ ከ2024 ጀምሮ ይህን እንድታሳውቅ ይጠይቃል። እህትህ ግን ገጿ ላይ ጭራሽ ባታስገባው ይሻላል፤ የሚፈለገው የእሷ እጅ ነው።

ጊዜውን እንዲህ ቁረጡት። የዝላዩ ጌም ስድስት ሳምንት፣ ገበጣው ሁለት ወር ተኩል፣ ጉግሱ አራት ወር። በመካከሉ ሁለት ጌም ጃም። ቀኑ ሲደርስ ያልገባው ነገር ይቀራል፤ ጌሙ ይወጣል። እያንዳንዱን ከማውጣትህ በፊት ሰፈርህ ያለ ፕሌይስቴሽን ቤት ውሰደውና ለልጆቹ ስጥ። ከኋላ ቁም፤ ምንም አታስረዳ። የት ላይ እንደሚቆሙ፣ የቱን ቁልፍ እንደሚፈልጉ፣ መቼ ስልካቸውን እንደሚያወጡ ጻፍ። ከመጀመሪያው ጌም ጀምረህ ማመልከት ትችላለህ፤ ሦስቱን አትጠብቅ።

የፋሲለደስን ጌም አትሰርዘው። ቅጂውን ፍላሽ ላይ አድርገህ፣ ቀን ጽፈህበት ለእህትህ ስጣት። የዝላዩ ጌም ሲያልቅ ሊንኩን ላክልኝ። እጫወተዋለሁ፤ ያልጣመኝንም ሳልደብቅ እጽፍልሃለሁ።